አሥራ ሁለተኛው ጣሳ

ስለ ጎማ የሚያውቅ ሰው ካለ እኔ ነኝ። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ጉራ የሚባለው ያልሠሩትን ማውራት ነው፣ እኔ የሠራሁትንም ግማሹን ነው የማወራው። በሃያ ስድስት ዓመት የጎሚስታነት ዘመኔ ያልነፋሁት ጎማ ቢኖር የአውሮፕላን ብቻ ነው፤ እሱንም ለምነውኝ ጊዜ አጥቼ ነው። በረሃውንማ ተዉት። አሸዋው የእኔን ጎማ ሲያይ ራሱ ይጠቀጠቅልኛል።

ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ አንዲት ሴት እንዴት ከእጄ እንደወጣች ስትሰሙ ሞኝ ሆኜ እንዳይመስላችሁ ነው።

በየሁለት ወሩ አራት መኪና ሆነን በረሃ እንገባ ነበር። ለንግድ አይደለም፣ ለጉዳይም አይደለም። ካርታው ላይ በቀጭን መስመር የተሰመረች፣ ትንሽ ሄዳ መስመሯም የሚጠፋ መንገድ ፈልገን፣ እሷ ላይ ስንንገላታ ሰንብተን፣ አቧራ ጠግበን መመለስ ነበር ደስታችን። ፊት ፊት የሚነዳው የጥርስ ሐኪሙ ነው፤ ሁላችንም «ዶክተር» እንለዋለን። ከጎኑ ታናሽ እህቱ ትቀመጣለች፣ በቤተሰቡ ፋርማሲ የምትሠራው እሷ ናት። ሁለተኛው መኪና የኢንጂነሩ ነው፤ ሕንፃ ያሠራል፣ መኪናው ከእኔ ቤት ይሰፋል። ሦስተኛው የጡረተኛው ዳኛ፣ «ጋሼ ዳኛ» የምንላቸው። መጨረሻ ላይ እኔ። ስሜን የሚያስታውስ አልነበረም። «ጭራ» ነበር የሚሉኝ።

ጭራ ሥራ አለው። የበረሃ መንገድ ሁለት ይሆናል፣ ሦስት ይሆናል፤ የትኛው ወደ ውሃ፣ የትኛው ወደ ሞት እንደሚሄድ አሸዋው አይናገርም። የፊተኛው አቧራ የኋለኛውን ስለሚያሳውር ተራርቀን እንነዳለን፣ አንተያይም። ስለዚህ ዶክተሩ መንታ መንገድ ሲደርስ ይቆማል፤ እህቱ ትወርድና በቀይ ቀለም የተቀባ የወተት ጣሳ በምንሄድበት በኩል ታስቀምጣለች። ቀኝ ካስቀመጠች ቀኝ፣ ግራ ካስቀመጠች ግራ። የመጨረሻው መኪና ጣሳውን አንስቶ ይከተላል። አንድም ጣሳ በረሃ ላይ አይቀርም። ነፋስ አንከባሎ ወደ ሌላው መንገድ ቢወስደው ነገ የሚመጣ እንግዳ ይሳሳታል፣ እዚያ የተሳሳተ ደግሞ አይመለስም። ማረፊያችን ስንደርስ ጣሳዎቹን ዶክተሩ እግር ሥር እደረድራለሁ፤ እሱ ይቆጥራል፣ እህቱ ጆንያ ውስጥ ትከታለች። አንድ ከጎደለ፣ ያጎደለው ሰው በማግስቱ ተመልሶ ያመጣል። ሕጉን ያወጣው እሱ፣ ጣሳዎቹን የቀባሁት እኔ። እንደዚያ የተቀባ ጣሳ ደግሞ ፋብሪካም አያወጣም።

የዛሬ ዓመት ግድም፣ አንዱን ጣሳ ሳነሳ ውስጡ ነገር ተንኮሻኮሸ። ጊንጥ መሰለኝ፤ አልደነገጥኩም፣ አንድ ጊዜ ጊንጥ ነድፎኝ የሞተው ጊንጡ ነው። ስከፍተው በወረቀት የተጠቀለለ የቁስል ፕላስተር አገኘሁ። ወረቀቱ ላይ «ጠዋት አውራ ጣትህ ሲደማ አየሁ። ሱሪህ ላይ አትጥረገው» ይላል።

ፕላስተሩን አልለጠፍኩትም። ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። መልስ ጽፌ ያንኑ ጣሳ ውስጥ ከተትኩና ከሌሎቹ ጋር አስረከብኩ፤ ጆንያው ውስጥ ስትከተው አገኘችው። ስልክ የለም ወይ ትሉኛላችሁ። አለ። ስልኩ በወንድሟ ስም ነው፣ ፋርማሲው በወንድሟ ስም ነው፣ ቤቱ በእናቷ ስም ነው። በሠላሳ አራት ዓመቷ የራሷ የነበረው ነገር የእጅ ጽሑፏ ብቻ ነው። እሱን ለእኔ ሰጠችኝ። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ጣሳ ትጽፍልኝ ነበር። ሌሎቹ «ጭራ» ሲሉኝ ስድብ ነው፤ እሷ «ጭራዬ» ብላ ስትጽፍ ግን ነገሥታት የተሾሙበት ማዕረግ ይመስለኝ ነበር።

* * *

ከእጄ በወጣችበት ቀን ጠዋት የኢንጂነሩን የኋላ ጎማ ለአሸዋ እንዲመች ንፋስ እየቀነስኩ ተንበርክኬያለሁ። ዶክተሩ የሻይ ኩባያውን ይዞ ራስጌዬ ቆመ።

«ስማ ጭራ» አለኝ፣ ጥርስ ሊነቅል ሲል በሚያወራበት ለስላሳ ድምፁ። «ኢንጂነሩ እህቴን ጠይቋል። እናታችን ደስ ብሏታል። መልሷን በዚህ ጉዞ ትሰጣለች። ላንተ ለምን እንደምነግርህ ይገባሃል።»

«አይገባኝም ዶክተር።»

«ይገባሃል። እኛ ጎሚስታ ያስፈልገናል። ጎሚስታ አማች ግን አያስፈልገንም።» ሻዩን ፉት አለ። «እዚያኛው ጎማ ላይ ትንሽ በዝቷል፣ ቀንስለት።»

ኢንጂነሩ ከኮፈኑ በላይ አንገቱን አሰገገ። «የጎማውን ንፋስ እሱ ይቀንሳል፤ የእሱን ንፋስ ማን ነው የሚቀንሰው?»

ሳቁ። እሷ ጆንያው አጠገብ ቆማ ጣሳዎቹን ትቆጥር ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። ሴቶች እንዴት እንደሚያዩ እኔ አውቃለሁ፣ በዚህ ማንም አይበልጠኝም፤ ያን አስተያየቷን ግን አላወቅሁትም። አንድ ነገር በል ያለችኝ መሰለኝ። አልኩ።

«ኢንጂነር፣ ዛሬ እርስዎ ማረፊያው ጋ ሲደርሱ እኔ ሻይ አፍልቼ እጠብቅዎታለሁ።»

«ጭራ ፊት አይቀድምም» አለ ዶክተሩ።

ጋሼ ዳኛ ዳቦአቸውን እየቆረሱ ፍርድ ሰጡ። «ልጄ፣ ጭራው የቀደመ እንስሳ ካየህ፣ ወደ ኋላ እየሄደ ነው።»

በረሃው እስኪያስተጋባ ሳቁብኝ። እሷ ብቻ አልሳቀችም። ጣሳዎቹን ወደ መኪናው ስትወስድ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አንዱ ከሌላው እየተጋጨ ሲንቃጨል ሰማሁ። አፍራብኝ ነው አልኩ። የሴትን ሐፍረት እንደ ጎማ ቀዳዳ በውሃ ውስጥ አረፋውን አይቼ የማገኝ ሰው፣ ያን ቀን ፍርሃትን ሐፍረት ብዬ አነበብኩት።

* * *

የመጀመሪያውን ጣሳ አነሳሁ። ባዶ። ሁለተኛው ባዶ። አምስተኛው ላይ ከመኪናው ዘልዬ ወረድኩ፤ አራግፌ ሳየው አሸዋ ብቻ ወጣ። ዘጠነኛው ላይ አንዲት ቃል እንኳ ብትሆን፣ ስድብም ብትሆን ብዬ ጣቴን ከትቼ ታቹን ዳሰስኩ። ምንም።

ለካ መልሷን ሰጥታለች አልኩ። ለኢንጂነሩ ቃል፣ ለእኔ ባዶ ጣሳ።

ከዘጠነኛው መንታ በስተግራ ደረቅ ወንዝ አለ። ወንዙን ተከትሎ የሄደ ሰው መንገዱ በሦስት መንታ ተጠማዞ የሚደርስበትን ቦታ በግማሽ ጊዜ ይደርሳል። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እኔም የማውቀው ከሩቅ አይቼው ነው። ሕጉ ትዝ ብሎኛል። ቀሪዎቹን ጣሳዎች የማነሳው እኔ እንደሆንኩም አልረሳሁም። ነገር ግን ማረፊያው ላይ ቀድሜ ደርሼ፣ እግሬን አነባብሬ፣ ሻይ ሲንተከተክ፣ እሷ ከመኪናው ስትወርድ አንዴ ብታየኝ ብዬ አሰብኩ። አንዴ ብቻ፣ ከፊት። ዓመቱን ሙሉ ያየችኝ ከኋላ፣ ቅንድቤ ሳይቀር አቧራ ለብሶ ነው።

መሪውን ወደ ግራ ቆረጥኩት።

ወንዙ ከእኔ ጋር ክፉኛ ተጣላ። አሸዋው ከላይ ጠንካራ፣ ከሥር ዱቄት ነበር። ሌላ ሹፌር ቢሆን እዚያው ተቀብሮ ይቀር ነበር፤ እኔ የተቀበርኩት እስከ በሩ ብቻ ነው። በአካፋ ቆፈርኩ። መኪናውን የማነሳበት ክሪክ ራሱ ሰመጠ። የጋቢናውን ምንጣፍ አውጥቼ ጎማው ሥር አነጠፍኩ፣ ሸሚዜንም ጨመርኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ስወጣ ከናፍሬ ተሰነጣጥቋል፣ ፀሐይዋም አዘቅዝቃለች። የወጣሁት ከአሥራ ሁለተኛው መንታ በኋላ ነው። ኮረብታው ላይ ስደርስ፣ ከፍታ ላይ ብቻ የሚሠራው የመኪናችን መገናኛ ሬዲዮ ጮኸ።

«ጭራ፣ ሞተሃል?» የዶክተሩ ድምፅ ነው። «አሥራ ሁለት ጥለናል። አሥራ ሁለት እጠብቃለሁ።»

ዘጠኝ ነው የያዝኩት። ሦስቱ ከኋላዬ፣ በየመንታው ተቀምጠው ቀርተዋል። «ዶክተር፣ አቋራጭ ሞከርኩ፣ ተቀበርኩ፣ ሦስት ጣሳ ጎድሎኛል» ማለት ነበር፤ አምስት ሰከንድ የማይፈጅ ነገር ነው። ሬዲዮውን አፌ ድረስ አደረስኩት። ከሥሩ የኢንጂነሩ ሳቅ ይሰማ ነበር። «ሻዩ ቀዝቅዞብናል በሉት!» ይላል።

«ሁሉም እጄ ላይ ነው» አልኩ።

ከወንበሬ ኋላ ትርፍ ጣሳዎች ነበሩኝ፤ የምቀባው እኔ አይደለሁ? ሦስት አወጣሁ። አዲስነታቸው እንዳያስታውቅ በአሸዋ አሸኋቸው፣ በመዶሻ እዚህም እዚያም ጎሸም ጎሸም አደረግኳቸው። ሲያልቁ ከእውነተኞቹ የበለጠ እውነተኛ ሆኑ። ፈጣሪም እንደዚያ አስመስሎ አይሠራም። ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እያፏጨሁ ነዳሁ።

* * *

ማረፊያው ትልቅ ቋጥኝ ሥር ነው። ምንጣፍ አንጥፈዋል፣ ብረት ድስት ተጥዷል። እሷ እንደ ልማዷ ጆንያውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ስደርስ ፊቴን አይደለም ያየችው፤ እጄን ነው።

«የፈላው ሻይ የታለ?» አለ ኢንጂነሩ።

«ለትልቅ ሰው ሻይ ሳይፈላ ይደርሳል እንዴ?» አልኩት። ምን ማለት እንደሆነ እኔም አላወቅሁትም፤ ጋሼ ዳኛ ግን ሳቁ።

ጣሳዎቹን መደርደር ጀመርኩ። አንድ። ሁለት። እየደረደርኩ ሳለ አየኋት፤ ከንፈሯ ከዶክተሩ ጋር ይቆጥራል። ስድስት። ሰባት። የዚያን ጊዜ ተንኮሌ ተነሳብኝ። ቀኑን ሙሉ ሲስቁብኝ ውለዋል፤ እኔስ አንዴ ባሞኛቸው? አሥራ አንደኛውን አስቀመጥኩና አሥራ ሁለተኛውን ከጀርባዬ ደበቅሁ። ባዶ እጄን ዘረጋሁ።

«አሥራ አንድ» አለ ዶክተሩ። ቀና አለ። «አንድ ጎድሏል።»

«ጭራችን አንዱን በልቶታል» አለ ኢንጂነሩ። «ርቦት ይሆናል፣ አትፍረዱበት።»

«ሕጉን ታውቃለህ» አለኝ ዶክተሩ። «ነገ ተመልሰህ ታመጣለህ። ብቻህን።»

እሷ ተነሳች። ጆንያው ከጭኗ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ፣ አላነሳችውም። «ብቻውን አያገኘውም» አለች፤ ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ። «ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ ቦታውን አውቀዋለሁ። እኔ አብሬው—»

ያን ፊት እንዴት ልንገራችሁ? እኔ እንኳ፣ ነገር ማግዘፍ የለመድኩት፣ ለዚህ ቃል አጠረኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሲዘጋ የኖረ በር በአንዴ ብርግድ ሲል ያያችሁ እንደሆነ እንደዚያ ነበር። ዓይኗ እኔ ላይ ነው። ወንድሟ አጠገቧ አለ፣ ኢንጂነሩ አለ፣ እሷ ግን ማንንም አልፈራችም። ለእኔ ደንግጣ መሰለኝ። ለእኔ ተቆርቁራ። ደስ አለኝ፤ ከደስታዬም የተነሳ ትርዒቱን ይበልጥ አሳመርኩት።

አጎነበስኩ። ከጀርባዬ መዝዤ አሥራ ሁለተኛውን ጣሳ ከፊቷ አስቀመጥኩት፣ እንደ ዘውድ።

«አንድም!» አልኩ። «ጭራ አንድም አያጎድልም።»

ሳቁ፣ አጨበጨቡ። ኢንጂነሩ ራሱ «ይህ ሰውዬ!» አለ። እሷ አልተቀመጠችም። ጣሳውን ለረጅም ጊዜ አየችው። በሩ ሲዘጋ ድምፅ አልነበረውም።

«አሥራ ሁለት» አለች።

ከዚያ ጆንያውን አነሳችና አንድ በአንድ ከተተቻቸው። የመጨረሻውን ስትከት ውስጡን እንኳ አላየችም። እንዳሰረችው ወደ ወንድሟ ዞረች። «ስንመለስ ለእማዬ ንገራት። እሺ ብያለሁ።»

ኢንጂነሩ ቆቡን ወደ ላይ ወረወረ። ጋሼ ዳኛ መረቁ። እኔስ? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር፤ ሳትከፈት ስትቀር አፌን ከፈትኩ።

«እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ። «መድኃኒትም እኮ ጊዜው ሳያልፍበት ገዢ ማግኘቱ ትልቅ ዕድል ነው።»

ከሁሉም በላይ የሳቀው ወንድሟ ነው። እሷ ኩባያ ልታመጣ ሄደች። በኋላ ሻይ ስትሰጠኝ ዝቅ ብላ፣ ለእኔ ብቻ፣ «አሥራ ሁለቱንም ስለሰጠኸን እናመሰግናለን» አለች። ተሳለቀችብኝ ብዬ ተቃጠልኩ። ሻዩን ከነኩባያው አሸዋ ላይ ደፋሁት፤ ደረቴ ውስጥ የነደደው ግን አልጠፋም።

* * *

የተመለስነው በሌላ መንገድ ነው። አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ ጎማ ስፈታና ስገጥም ሰነበትኩ። ታላቅ እህቴ ከጋራዡ ጀርባ ካለችው ክፍላችን ምሳ ይዛልኝ ስትመጣ፣ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ካላማዳሪያ፣ ከውስጠኛው የጎማ ላስቲክ ሥር ተቀምጬ ታገኘኛለች።

«የዓለሙ አንደኛ ጎሚስታ ዛሬ ስንት ጎማ ነፋ?» ትለኛለች።

«ተይኝ እቴ።»

«መቼ ተውኩህ? ምላስህ ነው የተወህ። ዝም ብለህ አይቼህ አላውቅም፤ ሐኪም ልጥራ?»

ሦስቱን ጣሳ ነገርኳት። ስለ ሴቲቱ አልነገርኳትም፣ ስለ ጣሳዎቹ ብቻ። እህቴ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ሰው ቢሞትባቸውስ?» አለች። «አንተ ስትዋሽ የኖርክ ሰው ነህ፣ ማንም አልሞተም። በዚህ ግን ሰው ይሞታል። ሂድና አንሳቸው።»

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ወጣሁ። አሥረኛው እንደተቀመጠ ነው። አሥራ አንደኛውን ነፋስ ጥሎታል። አሥራ ሁለተኛው ግን ተንከባሎ ከቀኝ ወደ ግራ አልፏል፤ ወደማይሆነው መንገድ ይጠቁማል። ሳነሳው ተንኮሻኮሸ።

ወረቀቱ በፀሐይ ደርቆ ጠርዙ ይፈረፈራል። እንዲህ ይላል፤

«ጭራዬ፣ ጠዋት የተባልከውን ሰምቻለሁ። ሌሎቹን ጣሳዎች ባዶ ያደረግኳቸው ወንድሜ አብሮኝ እየወረደ መፈተሽ ስለጀመረ ነው፤ የመጨረሻው ላይ ግን አይወርድም፣ ማረፊያው ይታየዋል። እኔ ወስኛለሁ። አንተም ከወሰንክ ይህን ጣሳ እዚያው ተወው፣ አታስረክብ። አሥራ አንድ ብቻ ስጥ። ወንድሜ ተመለስ ይልሃል፣ እኔ ቦታውን አሳየዋለሁ ብዬ አብሬህ እመጣለሁ። ጣሳውን አንስተን ወደ ቀኝ ሳይሆን ወደ አስፋልቱ እንነዳለን፤ አንመለስም። እናቴን እንደማላያት አውቃለሁ። አስቤበታለሁ። ካልፈለግክ አሥራ ሁለቱንም ስጥ። ይገባኛል፣ አልቀየምህም፣ አንዲት ቃልም አልጠይቅህም።»

አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። ቆጠርኩ። ዘጠኝ ነው የያዝኩት ብዬ እውነቱን ብናገር፣ ተመለስ ይለኝ ነበር፤ እሷም ትነሳ ነበር። አሥራ አንዱን ሰጥቼ ዝም ብል ትነሳ ነበር። ተነስታም ነበር። ከጎማዬ ጥላ ሥር ሆኜ፣ ማንም በሌለበት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጨምር ሳልቀንስ አለቀስኩ።

* * *

ሠርጉ እሑድ ነው። ፋርማሲው የደረስኩት የዚያኑ ዕለት፣ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ነው፣ ከነአቧራዬ፣ ጣሳውን በብብቴ ይዤ። ነጭ ጋውኗን ለብሳ ከመደርደሪያው ኋላ ቆማለች። አንዲት አሮጊት የሳል ሽሮፕ እየገዙ ነው።

«ልጄ፣ ከምግብ በፊት ነው ያልሽኝ?»

«በኋላ ነው እማማ።»

ጣሳውን የመደርደሪያው መስታወት ላይ አስቀመጥኩት። አየችው። አሮጊቷም አዩት። «የወተት ጣሳ ትገዛላችሁ እንዴ?» አሉ።

«አናነበብኩትም ነበር» አልኳት። ምላሴ ተሳሰረ። «አላነበብኩትም። ያን ቀን በወንዙ ገባሁ፣ ተቀበርኩ። ሦስቱን አላነሳኋቸውም። ያስቀመጥኩት ጣሳ የራሴ ነው፣ በመዶሻ ጎሽሜ ያስረጀሁት። ዛሬ ነው ያገኘሁት። እሑድ ገና ነው። መኪናዬ ውጭ ናት፣ ነዳጅ ሞልቻለሁ።»

የሽሮፑን ጠርሙስ በወረቀት ጠቀለለችና ለአሮጊቷ ሰጠች። እጇ አልተንቀጠቀጠም። «ቀን ሦስት ጊዜ እማማ፣ አይርሱ።» አሮጊቷ እስኪወጡ ጠበቀች። አሮጊት ደግሞ ሲፈለግ አይወጣም።

«አሥራ ሁለተኛውን ስትመዝዝ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ?» አለችኝ። «ስታጎነብስ፣ ስትስቅ አየሁህና፣ ይህ ሰው ከእናቴ ሊለየኝ አልፈለገም አልኩ። እንድጠላውና እንዲቀለኝ ብሎ ነው የሚቀልደው። መድኃኒት ጊዜው ያልፍበታል ስትለኝ እንኳ፣ አየህ፣ እያሳመመው ነው የሚሰድበኝ አልኩ። አሥራ ዘጠኝ ቀን በዚህ ነው የተጽናናሁት። እንደዚያ ያለ ሰው አንድ ዓመት ወደደኝ እያልኩ።»

«እኔ እኮ ነኝ ያ—»

«አይደለህም። ያ ሰው አውቆ ነው እምቢ ያለኝ። አንተ ኢንጂነሩ እንዳይስቅብህ ብለህ ነው።»

«አጠፋሁ አልኩሽ እኮ። ይኸው መጣሁ።»

«ደብዳቤውን ካገኘህ በኋላ ማን አይመጣም?» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ትናንት ብትመጣ ኖሮ፣ ምንም ሳታውቅ፣ ‹ሦስት ጣሳ ጎድሎኝ ዋሸሁ› ብለህ በዚያ በር ብትገባ፣ ይህን ጋውን አውልቄ እከተልህ ነበር። እሺ ካልኩ በኋላም፣ ቀኑ ከተቆረጠ በኋላም። በየቀኑ በሩን አይ ነበር።» ደግሞ ጨመረች፤ «እምቢ ብለኸኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አሁን እኮ ያን ሰውም ወሰድክብኝ።»

ወረቀቱን ከጣሳው አወጣች። አላነበበችውም። ከመደርደሪያው ሥር ‹ጊዜው ያለፈበት› ተብሎ የተጻፈበት ካርቶን አለ፤ ሊጣሉ የተለዩ ሽሮፖችና ክኒኖች ሞልተውታል። ወረቀቱን አጣጥፋ እዚያ ውስጥ ከተተችው። ያልኩትን ቃል መልሳ አልተናገረችኝም። አላስፈለጋትም።

ከዚያ ባዶውን ጣሳ ይዛ ከመደርደሪያው ኋላ ወጣች። አልፋኝ በሩ ድረስ ሄደች። ደጃፉ ላይ መንገዱ ሁለት ይሆናል፤ ቀኙ ወደ ቤታቸው፣ ግራው ወደ እኔ ጋራዥ። ጎንበስ አለችና ጣሳውን በግራ በኩል፣ መሬት ላይ አስቀመጠችው፣ እንደ ወትሮው በጥንቃቄ፣ ነፋስ እንዳይጥለው ትንሽ ጫን አድርጋ። ተመልሳ ገባች። ሌላ ገዢ መጥቶ ነበር። «ምን ልስጥዎ?» ስትል ሰማኋት።

እኔ እንግዲህ በዚህ ምድር ላይ ካሉ ጭራዎች አንደኛው ነኝ። ጭራ ጣሳ ሳያነሳ አያልፍም። አነሳሁት። ባዶ መሆኑን እያወቅሁ፣ መንገዱ መሀል ቆሜ፣ መኪኖች ጡሩንባ እየነፉብኝ፣ ጣቴን ከትቼ ታቹን ዳሰስኩ።